በአንድ ቀዳዳ ልወጋ? ቤይሩት ውስጥ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለች እህት ከመስማማቷ በፊት

የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽኑ አጠገብ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ቀን ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ይገባል፤ አንዱ ደሙን ያወጣል፣ ሌላው የታጠበውን ይመልሳል። በሳምንት ስድስት፣ በዓመት ከ300 በላይ መርፌ ማለት ነው። እነዚህ መርፌዎች ደግሞ ለተራ የደም ምርመራ ከምናውቃቸው በጣም ይወፍራሉ። ታዲያ ነርሷ መጥታ "ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብንወጋሽ ቀዳዳ ይሠራልሻል፣ ሕመሙም ይቀንሳል" ብትል እሺ የማይል ማን ነው?

ዘዴው በሕክምናው ዓለም "ባተንሆል" ይባላል፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ እንደማለት ነው። ውሸት አይደለም፣ በደንብ የሠራላቸው ሰዎች አሉ። ግን ዘዴው ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ያው ነርስ፣ ያው ቦታ፣ የማይቋረጥ ቀጠሮና ጥብቅ ንጽሕና ይፈልጋል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ወይም ከአሠሪዋ ወጥታ ቡርጅ ሐሙድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እህት እነዚህን ታገኛለች ወይ? የኛ መልስ በአጭሩ፦ አሁን ባለው ሁኔታ አብዛኞቻችን አናገኝም። ስለዚህ ቀዳዳው ከሚያቀለው ይልቅ የሚያመጣው አደጋ ሊበልጥ ይችላል። ለምን እንደዚያ እንደምንል ቀጥሎ እናስረዳለን።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

አገር ቤት "ፊስቱላ" ሲባል ሁላችንም የምናስበው በወሊድ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ቤይሩት ላይ ሐኪም "ፊስቱላ እንሠራልሻለን" ሲል የደነገጠች ወይም ያፈረች እህት ብትኖር አይገርምም። እዚህ የምናወራው ሌላ ነው። የክንድ ፊስቱላ ማለት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ማገናኘት ነው። ኃይለኛው ደም ወደ ደም መልሱ ሲገባ ቧንቧው ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል፤ ለማሽኑ የሚበቃ ደምም ይሰጣል። ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1966 ለዓለም ካስተዋወቁ ወዲህ ለረጅም ጊዜ እጥበት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ተደርጎ ይታያል። ከተሠራ በኋላ ለመወጋት እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ፊስቱላ የሌለው ሰው አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ በሚገባ ቱቦ (ካቴተር) ይታጠባል። በሽታው ሳይታወቅባት ቆይቶ በድንገተኛ ክፍል የገባች እህት የሚገጥማት ይሄ ነው። ቱቦው ሕይወት ያተርፋል፤ ግን ከሁሉም በላይ ለኢንፌክሽን የሚያጋልጠው እሱ ነው። ፊስቱላ ያላት እህት እንግዲህ ክንዷ ላይ የሕይወት መስመሯን ይዛ ነው የምትዞረው። ሊባኖሶች እጥበቱን "ገሲል ኪለ" ይሉታል፤ እንደኛው "የኩላሊት እጥበት" ማለት ነው።

ቀዳዳው እንዴት ይሠራል?

ፊስቱላን ለመውጋት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው መሰላል የሚባለው ነው። ነርሷ በየቀጠሮው መርፌውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እያደረገች በቧንቧው ርዝመት ትዞራለች፤ የተወጋው ቦታ የሚድንበት ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛው አንዲት ጠባብ አካባቢ ላይ በዘፈቀደ እየደጋገሙ መውጋት ነው። ይሄ ስንፍና ነው እንጂ ዘዴ አይባልም፤ የቧንቧውን ግድግዳ ያሳሳል፣ እብጠት ያመጣል። ሦስተኛው ባተንሆል ነው። አንድ ቦታ አካባቢ ሳይሆን፣ እዚያው ነጥብ ላይ፣ በዚያው አቅጣጫና በዚያው ጥልቀት ይወጋል።

ይህን መጀመሪያ የመዘገበው ፖላንዳዊው ሐኪም ዝቢሉት ትቫርዶቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለመወጋት የሚሆን ቦታ የጠበበባት አንዲት ታካሚ ነበረች። ነርሷ አማራጭ አጥታ እዚያው ስትደጋግም መርፌው በቀላሉ መግባት ጀመረ። ሐኪሙ ነገሩን አጥንቶ በ1979 ከባልደረባው ጋር አሳተመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ገደማ፣ ስለታም መርፌ እዚያው ነጥብ ላይ ይገባል። ከቆዳው እስከ ቧንቧው ድረስ የጆሮ ጉትቻ ቀዳዳ የመሰለ መሿለኪያ ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ስለት የሌለው ዱልዱም መርፌ በመሿለኪያው ተንሸራቶ ይገባል። በየቀጠሮው መካከል ቀዳዳው ላይ ቅርፊት ይሠራል። መርፌው ከመግባቱ በፊት ቦታው ይጸዳል፣ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ እንደገና ይጸዳል። ቅርፊቱ ውስጥ የቆዳ ባክቴሪያ አለ፤ በደንብ ካልተነሳ መርፌው ያንን ባክቴሪያ ገፍቶ ቀጥታ ደም ውስጥ ይከተዋል።

ከዚህ እንደሚታየው መሿለኪያውን የሚሠራው አንድ እጅ መሆን አለበት። አንዷ ነርስ ወደ ቀኝ፣ ሌላዋ ወደ ግራ ካዘነበለች የሚፈጠረው ሁለት ሦስት የውሸት መንገድ ነው። ዘዴው በጣም የተስማማቸው በቤታቸው ማሽን ተክለው ራሳቸውን የሚያጥቡ ሰዎች የሆኑትም ለዚህ ነው፤ የሚወጋውም የሚወጋበትም ያው ሰው ነው።

ጥናቱ ምን ይላል?

ብዙ ዓመት "ባተንሆል ሕመም ይቀንሳል፣ ፊስቱላም ያስረዝማል" ሲባል ቆይቷል። በካናዳ በ140 ታካሚዎች ላይ በዕጣ ተመድበው የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን ነገሩን ቀዝቀዝ አደረገው። የሕመሙ መጠን በሁለቱ ወገን ያን ያህል አልተለያየም። ደም ቆዳ ሥር መቋጠሩ በባተንሆል ቀንሷል፤ ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው። የኢንፌክሽን ምልክት ግን በ1,000 እጥበት በመሰላል 22 ገደማ ሲሆን በባተንሆል ወደ 50 ከፍ ብሏል። በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲከታተሏቸውም ፊስቱላው የበለጠ ዕድሜ አላገኘም፤ የኢንፌክሽኑ ጭማሪ ግን ቀጥሏል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንም በ2019 ባሻሻለው መመሪያው መሰላሉን ቀዳሚ ምርጫ አድርጎ፣ ባተንሆል ለልዩ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን መክሯል። ልዩ ሁኔታ ሲባል ለምሳሌ ፊስቱላው አጭር ሆኖ ለመዘዋወር ቦታ የሌለው ሰው ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተባለው ነርስ በበቂ ባለበት፣ ዕቃ በማይጠፋበት አገር ነው።

ቤይሩት ውስጥ ያው እጅ የት ይገኛል?

ሊባኖስ በ2019 መገባደጃ ወደ ቀውስ ስትገባ ዶላር በ1,507 ሊራ ነበር የሚመነዘረው። ዛሬ 89,500 ገደማ ነው። የነርስ ደመወዝ በሊራ ሲከፈል ምን እንደሚሆን ደመወዛችን በሊራ ተከፍሎን የምናውቅ ሁሉ እናውቀዋለን። በነሐሴ 2020 የወደቡ ፍንዳታ አሽረፊየና ጀይታዊ አካባቢ ያሉ ሆስፒታሎችን መታ። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2021 እንዳለው ከሠለጠኑ ሐኪሞች 40 በመቶ የሚጠጉት፣ ከተመዘገቡ ነርሶች ደግሞ 30 በመቶ የሚጠጉት ለጊዜውም ሆነ ለዘለቄታው አገሪቱን ለቀዋል።

አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2021፣ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነዳጅ ሊያልቅበት ነው ብሎ መግለጫ አውጥቶ ነበር። መግለጫው መብራት ቢጠፋ የሚሞቱትን በቁጥር ዘረዘረ። በመተንፈሻ መሣሪያ ያሉት ወዲያው፣ 180 የኩላሊት ሕመምተኞች ደግሞ እጥበት አጥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ አለ። ነዳጁ ደርሶ ያ አልሆነም። ግን እጥበት ላይ ያለ ሰው ኑሮ በስንት ነገር ላይ እንደተንጠለጠለ ያን ጊዜ ታየ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ ዳሕየ ሲደበደብ ሐረት ሕሬክ ያለው የሳሕል ሆስፒታል በጥቅምት ሰዎቹን ማስወጣት ነበረበት። በዚያው ሰሞን ጅናሕ በሚገኘው የመንግሥት ትልቁ ሆስፒታል፣ ረፊቅ ሐሪሪ፣ አጠገብ ቦምብ ወድቆ ብዙ ሰው ሞተ። ከዳሕየ ሸሽተው አሽረፊየ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ እህቶቻችንን ሁላችንም እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ እጥበት ላይ ያለ ሰው ወዳገኘበት ሆስፒታል ነው የሚሮጠው። አዲሷ ነርስ ያንን ክንድ አይታው አታውቅም። ክንዱ ላይ በመሰላል የሚወጋ ፊስቱላ ካለ እንደማንኛውም ፊስቱላ አይታ ትወጋለች። ባተንሆል ካለ ግን መሿለኪያው ወዴት እንደሚያዘነብል አታውቅም፤ ዱልዱም መርፌም ላይኖራት ይችላል። በስለታም መርፌ እዚያው ብትገባበት መሿለኪያውን ትቀደዋለች።

የተኩስ አቁሙ እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። የሄዱት ነርሶች ግን በዚያ ቀን አልተመለሱም።

ካፋላና ሦስቱ ቀናት

የነርስ እጥረቱ ሊባኖሳዊውንም ይነካል። እኛ ላይ የሚጨመር ሌላ አለ። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጓል። በ2020 መስከረም የሥራ ሚኒስቴር አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ የዕረፍት ቀን፣ የሕመም ፈቃድ፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ የመልቀቅ መብት ሁሉ ነበረበት። በወሩ ፍርድ ቤት (የሹራ ምክር ቤት) አገደው። ስለዚህ "ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለአራት አራት ሰዓት ልውጣ" የምትል እህት የምትለምነው የማዳሟን ደግነት ነው። ደግ ማዳሞች አሉ። ግን እጥበት በደግነት ላይ ብቻ አይቆምም፤ ማዳሟ ተራራ ቤቷ ስትወጣ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ የረመዳን ወይም የገና ሰሞን ሲሆን ምን ይሆናል?

ገንዘቡስ? የሊባኖስ ጤና ሚኒስቴር ሌላ ዋስትና ለሌላቸው ዜጎቹ የእጥበት ወጪ ይሸፍናል። እኛ እዚያ መዝገብ ውስጥ የለንም። አሠሪ የሥራ ፈቃድና ኢቃማ ሲያወጣ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን ለአደጋና ለአጭር ጊዜ ሕክምና፣ ሞት ሲኖር ደግሞ አስከሬን ለመላክ የታሰበ ነው። ዓመት ሙሉ የሚቀጥል በሽታን በአብዛኛው አይሸፍንም። ከአሠሪ ቤት የወጣችው እህት ደግሞ ኢቃማዋ ከስፖንሰሩ ጋር ስለታሰረ ያችው ወረቀትም ትቀርባታለች። እጥበት ቀን ፍተሻ ያለበትን መንገድ ፈርታ ትቀራለች፣ ወይ ገንዘብ እስክታጠራቅም አንድ ቀጠሮ ትዘላለች።

ይሄ ከመርፌ ዘዴ ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። ቀጠሮ እየዘለሉ፣ ሆስፒታል እየቀያየሩ የሚሠራ ባተንሆል መሿለኪያው መልክ ሳይይዝ ይቀራል። ቀን ሙሉ ክሎር የነካ፣ ሰሃን ያጠበ፣ በረንዳ የጠረገ ክንድ ላይ ሁለት ሁልጊዜ ክፍት የሆኑ ነጥቦች መኖራቸውም ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ከገባ ልብን ሊይዝ ይችላል፤ ሕክምናው የሳምንታት አልጋና መድኃኒት ነው። የአንድ ቀን እጥበት ለመክፈል የምትቸገር እህት ያንን ከየት ታመጣለች?

ከመስማማትሽ በፊት ጠይቂ

ነርስ ወይም ሐኪም ባተንሆል ካቀረቡልሽ አትቆጪ፣ ወዲያውም እሺ አትበይ። እነዚህን ጠይቂ፦

ለምን ለኔ? "ፊስቱላሽ አጭር ስለሆነ ሌላ ቦታ የለም" ካሉሽ በቂ ምክንያት ነው። "ስለሚቀል" ብቻ ከሆነ መሰላሉን ጠይቂ።

መሿለኪያው እስኪሠራ ድረስ የምትወጋኝ አንዲት ነርስ ናት? ስሟ ማን ነው? ፈቃድ ስትወጣ ማን ይተካታል?

ዱልዱም መርፌ ሁልጊዜ አለ? ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ?

ቅርፊቱን በምን ታነሳላችሁ? በጥፍር ወይም በዚያው መርፌ ጫፍ ከሆነ እንቢ በይ። ንጹሕ የተለየ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከማንሳቱ በፊትም በኋላም ይጸዳል።

ሦስት ወር እዚሁ ሆስፒታል እንደምታጠቢ እርግጠኛ ነሽ? ይሄንን ራስሽን ጠይቂ።

አንዱም መልስ ካላረካሽ "መሰላሉ ይሻለኛል" ማለት መብትሽ ነው። ሕመሙን በተመለከተ ከመወጋትሽ በፊት የሚቀባ ማደንዘዣ ክሬም እንዳለ ጠይቂ። መሰላሉም በትክክል መሠራት አለበት፤ ነርሷ በየጊዜው እዚያው እብጠቱ ላይ ስትወጋ ካየሽ "ሌላ ቦታ" በያት። እጥበት ላይ ያለ ሰው ክንዱን ከነርሷ እኩል ያውቀዋል።

አስቀድሞ ባተንሆል የተሠራላት እህት ይህን አንብባ አትደንግጥ። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ዘዴውን በራስሽ አታቋርጪ፤ ሐኪምሽን አነጋግሪ፣ ንጽሕናውን አጥብቂ፣ ቅርፊቱን ቤት ውስጥ በፍጹም አትላጪ።

ክንዱን መጠበቅ

በየትኛውም ዘዴ ብትወጊ ይሄ አይቀየርም። ጠዋትና ማታ ጣትሽን ፊስቱላው ላይ አድርጊ፤ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ንዝረት ሊሰማሽ ይገባል። ከጠፋ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ሳትዪ በዚያው ሰዓት ሂጂ። በዚያ ክንድ ደም ግፊት አትለኪ፣ ደም አትስጪ፣ ግሉኮስ አይሰቀልበት። ሰዓት፣ አምባር፣ ጠባብ እጅጌ አይኑርበት። ተንተርሰሽው አትተኚ።

ሥራው ላይ ነው የሚከብደው። በመጸው ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ በጸደይ ሲጠቀለል፣ የውሃ ጋሎንና የጋዝ ሲሊንደር ሲነሳ፣ ፊስቱላ ባለበት ክንድ ከባድ ነገር መሸከም የለብሽም። ማዳም እንዳታውቅ ብሎ ረጅም እጅጌ ለብሶ ምንጣፍ መሸከም ክንዱን ያሳጣል። ከቻልሽ ሐኪሙ በዓረብኛ አጭር ወረቀት ይጻፍልሽ፤ ካንቺ ልመና የሐኪም ማኅተም ይሻላል። በኬሚካል ስትሠሪ ጓንት አድርጊ፤ ከመወጋትሽ በፊት ክንድሽን በሳሙና ታጠቢ።

ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ከተወጋው ቦታ ደም አልቆም ካለ በንጹሕ ጨርቅ በጣትሽ ቀጥታ ተጫኝው፣ ክንድሽን ከፍ አድርጊ፣ ለቀይ መስቀል 140 ደውዪ።

መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ካመለጠሽ እስክታገኚ ድረስ ውሃና ጨው ቀንሺ፤ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቴምር፣ ሽሮና ምስር ተዪ። በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ካልታጠበ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ያቆማል። ይህ ቀን መግዣ ነው እንጂ የእጥበት ምትክ አይደለም።

ወደ አገር መመለስ ከመጣ

ብዙ ጊዜ አሠሪ በሽታውን ሲያውቅ የመጀመሪያ ሐሳቡ ቲኬት መቁረጥ ነው። መሄድ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ያልተዘጋጀ መሄድ ግን አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘውዲቱ፣ ዳግማዊ ምኒልክና ቅዱስ ጳውሎስን የመሳሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች እጥበት ይሰጣሉ፤ ባህር ዳርና ጎንደርም አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዘመድ ለዘመድ የሚሰጥበትን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይሠራል። ግን የመንግሥት ወንበር ተራ አለው፣ የግሉ ደግሞ ውድ ነው። ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት ቤተሰብ ቦታውን ይያዝ። በበረራው ዋዜማ ታጠቢ።

ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ። ፊስቱላው መቼ እንደተሠራ፣ በየትኛው ዘዴና በስንት ቁጥር መርፌ እንደምትወጊ፣ ትርፍ ውሃ የሌለበት ክብደትሽ፣ የሄፓሪን መጠን፣ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይኑርበት። ባተንሆል ካለሽ የክንድሽን ፎቶ አንሺና መርፌው የሚገባበትን አቅጣጫ ነርሷ ታስምርልሽ። አዲስ አበባ ያለችው ነርስ ቤይሩት ያለችውን ደውላ አትጠይቃትም፤ መልእክቱን የምታደርሺው አንቺ ነሽ።

ማን ምን ማድረግ ይችላል?

የግል ጥንቃቄ የራሱ ወሰን አለው። ኢንሹራንሱን በተመለከተ የሥራ ሚኒስቴር ሥር የሰደደ በሽታ እንዲካተት ሊያስገድድ ይችላል፤ አሠሪ በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ሐዝሚየ ያለው ቆንስላችን በ2020 እህቶች በሩ ላይ ሲጣሉ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለታመመ ሰው የመውጫ ወረቀት ሲሠራ አገር ቤት ወንበር መኖሩን አብሮ ቢያጣራ ብዙ ይረዳል። እንደ እኛ ለኛ በስደት ያሉ የራሳችን ማኅበራት፣ ካሪታስና አሜል ደግሞ ሕመምተኛ ሲመጣባቸው የእጥበት ቀኗን ለአሠሪዋ በጽሑፍ ሊያስረዱላት ይችላሉ።

እስከዚያ ግን ዛሬ ወንበሩ ላይ ላለችው እህት የምንለው አጭር ነው። ያው ነርስ፣ ያው ቦታ፣ ያው ቀን ካለሽ ስለ ቀዳዳው ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ከሌለሽ መሰላሉን ያዢ፤ ጠዋት ስትነሺም ከሻዩ በፊት ክንድሽን ንኪ።